የፐርሰል ፋንታዚያዎች በሄስፔሪዮን 20 ሲቀርቡ

በጆርዲ ሳቫል የሚመራው፣ ያኔ ሄስፔሪዮን 20 ይባል የነበረው የጥንታዊ ሙዚቃ ቡድን የእንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሄንሪ ፐርሰልን ፋንታዚያዎች ቪዮል በተባሉ፣ በደጋን በሚመቱ ባለ አውታር መሣሪያዎች የተጫወተበትን አልበም ሐዋሳ ለሚኖሩ የሙዚቃ ወዳጆች ሁሉ፣ በተለይም ማሲንቆና በገና እየሰሙ ላደጉ፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ በከተማችን መድረክ ሲቀርብ አላየሁም፤ የምናገኘው በቅጂ ብቻ በመሆኑ የምናደምጥበት መሣሪያ ጉዳይም ከሙዚቃው ጋር አብሮ ሊነሣ ይገባል።

ፋንታዚያ በሕዳሴ ዘመን አውሮፓ ያደገ ቅርጽ ነው። አንዱ ቪዮል አጭር የዜማ ሐሳብ ይጀምራል፣ ሌላው ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ሦስተኛውና አራተኛውም ይከተላሉ። በእኛ ዘፈን አውጪው ሲያበቃ ተቀባዮች ይነሣሉ፤ እዚህ ግን አውጪው ዝም ሳይል የራሱን መንገድ ስለሚቀጥል፣ አድማጩ አራት ዜማዎችን በአንድ ጊዜ እንዲከተል ይጠየቃል። ፐርሰል አብዛኞቹን እ.ኤ.አ. በ1680፣ በጎንደር ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ነግሠው ሳለ፣ ገና በ20 ዓመት ዕድሜው ገደማ ጻፋቸው። የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በቫዮሊን የሚቀርበውን ለእግር የሚመች ሙዚቃ ይወድ ስለነበር ፋንታዚያ ከቤተ መንግሥቱ ርቆ ነበር። ወጣቱ ሰው የተተወውን ቅርጽ አንሥቶ፣ ሕጉን አንድም ሳያላላ፣ ከእርሱ በፊት ብዙዎች ያልደፈሩትን የድምፅ ግጭትና ሐዘን አስገባበት። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህንን ነው።

የቡድኑ ብቃት ጎልቶ የሚወጣው “በአንድ ድምፅ ላይ የተሠራ ፋንታዚያ” በተባለው ሥራ ነው። ከአምስቱ ቪዮሎች አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ “ዶ”ን ብቻ ይዞ ይቆያል፤ የቀሩት አራቱ በዙሪያው ሲሮጡ፣ ሲያዝኑና ሲታረቁ ያው አንዱ ድምፅ አንዴ የሰላም፣ አንዴ የጭንቀት ሆኖ ይሰማል። ደጋን ርዝመቱ የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቹ አቅጣጫ መለወጡ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ለውጡ በጭንቅ ነው የሚሰማው። ሳቫል ራሱ ከፍተኛውን ድምፅ እየተጫወተ ከሌሎቹ በላይ ለመውጣት አለመሞከሩም ሊመሰገን ይገባዋል። ቪዮል ስድስት የአንጀት አውታሮች አሉት፤ በአንገቱ ላይም የአንጀት ክሮች ይታሰሩበታል፤ ደጋኑ የሚያዘው መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ነው። በገናን የሚያውቅ ሰው የአንጀቱን ሻካራና ሞቅ ያለ ድምፅ ወዲያው ይለየዋል።

ሁለቱ “ኢን ኖሚኔ” የተባሉ ሥራዎች ሥረ መሠረታቸው ከዚህም ይጠልቃል። ጆን ታቨርነር በ16ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ቅዳሴ ውስጥ “በጌታ ስም” የሚለውን ክፍል በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ ሠርቶት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ እንግሊዛውያን ያንኑ ዜማ መሠረት እያደረጉ ከ150 በላይ ሥራዎች ጻፉ። ፐርሰል የዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ይገኛል። በሰባት ቪዮሎች በተጻፈው ውስጥ መሠረቱ ዜማ በረጃጅም ድምፆች በመካከል ሲያልፍ ቡድኑ አጉልቶ አያወጣውም፣ አይቀብረውምም፤ ፈልጎ የሚያገኘው አድማጩ ነው።

የምነቅፈው ነገርም አለ። ዝግ ያሉት ክፍሎች አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጎተታሉ፤ ሙዚቃው የተቀዳበት ቤት ማስተጋባትም በፈጣን ቦታዎች የታችኞቹን ድምፆች ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው ፍሬትዎርክ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን እነዚህኑ ሥራዎች ሲጫወት እያንዳንዱ መስመር ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሄስፔሪዮን ጥልቅ ሐዘን ግን እዚያ አላገኘሁትም።

በስልክ ድምፅ ማጉያ ማድመጥ ትልቅ ኪሣራ ነው። የባሱ ቪዮል ዝቅተኛ አውታር በሰከንድ 70 ጊዜ ገደማ ስለሚርገበገብ ትንሿ ማጉያ ልታወጣው አትችልም፤ የባጃጁ ጩኸት ሲጨመርበት ደግሞ ግማሹ ሙዚቃ ይጠፋል። ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ያለው ሰው ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ይዞት ቢወጣ ይሻለዋል። ለጀማሪ በአንድ ድምፅ ላይ የተሠራውን አስቀድሞ፣ ከዚያ በሦስት ቪዮሎች የተጻፉትን ሦስቱን መስማት ይቀላል፤ በአራት ቪዮሎች የተጻፉት ዘጠኙ ግን በአንድ ጊዜ መሰማት የለባቸውም፤ በቀን ሁለቱ ይበቃሉ።