ትሬድሚል ላይ ወይስ በሰፈር? ደም በደንብ ለማይደርሰው እግር

ትንሽ እንደተራመዱ ባትዎን ጭምድድ አድርጎ ይይዝዎታል? ቆም ሲሉስ ይለቅዎታል? የእግር ደም ቧንቧ ሲጠብ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሐኪም ካረጋገጠ በኋላ ከሚያዛቸው ነገሮች አንዱ፣ የሚገርመው፣ ያው መራመድ ነው።

አንደኛው መንገድ ባለሙያ እያየዎት ትሬድሚል (ባሉበት የሚያስኬድ ማሽን) ላይ መሥራት ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። ሕመሙ መካከለኛ እስኪሆን ይራመዳሉ፤ ያርፋሉ፤ ሲለቅዎት እንደገና ይነሳሉ። ባለሙያው ፍጥነቱንና ዳገቱን ቀስ እያለ ይጨምራል። ጠንካራ ማስረጃ ያለው ይኸኛው ነው። አሜሪካ ያሉ አረጋውያን በሐኪም ትእዛዝ ከመጡ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ከ2017 ጀምሮ እስከ 36 ጊዜ ይሸፍንላቸዋል። ምልልሱ ግን ያሰለቻል።

በሰፈር መራመድ ክፍያም ታክሲም አይጠይቅም። ግን "በርቱ፣ ተራመዱ" ተብሎ ብቻ የተለቀቀ ሰው እምብዛም ለውጥ አያይም። ገና ቆንጠጥ ሲያደርገው ይቆማላ! በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ቤታቸው ሆነው የተሻሻሉት ሕመሙን ችለው የተራመዱት ናቸው፤ ሳያማቸው በዝግታ የሄዱት አልተሻሻሉም። ስለዚህ ሰዓት ይያዙ፣ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ በየሳምንቱ ደውሎ የሚጠይቅዎት ሰው ይኑር። የአዲስ አበባ ዳገት ቶሎ ያሳምማል፤ በሜዳው ይጀምሩ።

ለእኔ፣ ባለሙያ ከተገኘ በእሱ ጀምሮ በሰፈር መቀጠል ይሻላል። ተኝተውም የሚያምዎት ወይም እግርዎ ላይ የማይድን ቁስል ካለ ግን ሁለቱም ይቆዩ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።