ፍሬትለስ ቤዝ፦ በትእዛዝ ይሠራ፣ ከፋብሪካ ይገዛ ወይስ ፍሬቱ ይነቀል?

ፍሬትለስ ቤዝ ጊታር፣ ማለትም አንገቱ ላይ ድምፅን የሚለዩት ቀጫጭን ብረቶች (ፍሬቶች) የሌሉት ቤዝ፣ ለመግዛት ላሰበ ሰው አራት መንገድ አለ። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መግዛት ይቻላል። ያለውን ቤዝ ፍሬቱን አስነቅሎ መጠቀም ይቻላል። ብቻውን ወይም ከጥቂት ሰዎች ጋር ለሚሠራ ጊታር ሰሪ አዝዞ ማሠራት ይቻላል። ሌላ ሰው ያሠራውን፣ ያገለገለ መግዛትም አለ። በአንደኛውና በሌላኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚደርስ፣ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የምጫወትበት ቤዝ አንድ ጊታር ሰሪ በትእዛዝ የሠራልኝ ባለ አራት ክር ፍሬትለስ ነው። ከሱ በፊት በፋብሪካ የተሠራም፣ ፍሬቱ የተነቀለም ተጫውቻለሁ። አቋሜን ቀድሜ ልናገር። በትእዛዝ ማሠራት የሚያዋጣው የምትፈልጉትን ነገር በሚሊሜትር መናገር ስትችሉ ነው። "ደስ የሚል ድምፅ ያለው፣ የሚያምር ቤዝ" ብላችሁ የምታዝዙ ከሆነ ገና ነው፤ ብራችሁን ያዙ።

ፍሬት ሲጠፋ ምን ይለወጣል?

ፍሬት ባለው ቤዝ ክሩን የሚያቆመው ብረት ነው። ጣት ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢል ድምፁ አይዛባም። አሜሪካዊው ጊታር ሰሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣውን ቤዝ "ፕሪሲዥን" ያለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍሬት ከሌለው፣ ቆሞ ከሚይዙት ትልቁ ኮንትራባስ በተለየ ፍሬቱ ድምፁን ልክ ቦታው ላይ ያስቀምጣል። ፍሬቱ ሲወጣ ግን ክሩ የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ነው፣ የሚያቆመው ደግሞ ጣታችሁ ነው። ፊንገርቦርዱ (አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት እንጨት) የድምፁ አካል ይሆናል ማለት ነው። ያ ሰው ሲያዜም የሚመስለው "ሟ" የሚል ድምፅ የሚወለደው፣ ክሩ ከጣታችሁ ፊት ለፊት ካለው እንጨት ጋር ቀስ እያለ ሲነካካ ነው። ስለዚህ የእንጨቱ ጥንካሬ፣ የክሩ ከፍታና የአንገቱ ቅንነት የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ፒካፕም ከቀለሙም በፊት ይመጣሉ።

የቁጥሩን ነገር እንየው። የተለመደው የቤዝ የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከናቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ መጀመሪያው ግማሽ ድምፅ ያለው ርቀት 48 ሚሊሜትር ይሆናል። ኦክታቩ ላይ፣ ማለትም የክሩ መሃል ላይ ስትደርሱ ያው ግማሽ ድምፅ ወደ 24 ሚሊሜትር ይጠባል። ታች በናቱ በኩል ጣታችሁ አንድ ሚሊሜትር ቢስት የግማሽ ድምፁን 2 በመቶ ያህል ነው፤ ማንም አይሰማውም። ላይ ግን እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያም በላይ ስትወጡ እየባሰ ይሄዳል። ጀማሪ ታች ደህና ተጫውቶ ሶሎ ላይ ጉድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለእኛ አገር ሙዚቃ ፍሬትለስ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሲንቆም ፍሬት የለውም፤ የአዝማሪው ጣት የሚከተለው ድምፁን ነው። ከማሲንቆና ከዘፋኝ ጋር አንቺሆዬ ወይም አምባሰል ስትጫወቱ፣ ዘፋኙ የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ሄዶ መቀመጥ ትችላላችሁ። ባንዱ ውስጥ ኪቦርድ ካለ ግን ኪቦርዱ ወዴትም አይንቀሳቀስም፤ ለሱ የምትገዙት እናንተ ናችሁ። ብዙውን ሥራ የምትሠሩት በኪቦርድ ለሚታጀብ ሰርግ ከሆነ፣ ፍሬት ያለውን ቤዛችሁን አትሽጡ።

የፋብሪካው

እንደ ስኳየር፣ ፌንደር፣ አይባኔዝና ዎርዊክ ያሉ የጊታር ስሞች ፍሬትለስ ሞዴሎች አውጥተዋል። የፋብሪካ ዕቃ ትልቁ ጥቅሙ ሱቅ ገብታችሁ መሞከር፣ ካልጣማችሁ መመለስ፣ ነገ ደግሞ ያለ ብዙ ጣጣ መሸጥ መቻላችሁ ነው። ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹን የሚይዘው ክፍል) ቢበላሽ መለዋወጫው የትም አለ። ችግሩ ምርጫው ጠባብ መሆኑ ነው። መቶ ቤዝ የተሰቀለበት ሱቅ ውስጥ ፍሬትለሱ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

ሌላው ችግር ናቱ ነው። ይሄን ነገር ብዙ ገዢ አያየውም። ፍሬት ባለው ቤዝ ናቱ ክሩን ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ አድርጎ መያዝ አለበት። ፍሬትለስ ላይ ግን የሚታለፍ ፍሬት የለም። ስለዚህ የናቱ ጎድጓዳ እስከ እንጨቱ ድረስ ሊወርድ ምንም አይቀረውም፤ ክሩና እንጨቱ መካከል የስም ካርድ የሚያስገባ ክፍተት ቢኖር ይበቃል። ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ናቱን ከፍ አድርጎ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ቤዝ ናቱ አካባቢ ስትጫወቱበት ጣት ያደክማል፣ ክሩን ስትጫኑ ስለሚለጠጥም ድምፁ ከፍ ይላል። አዲስ የገዛችሁትን ፍሬትለስ መጀመሪያ ወደ ጥሩ ቴክኒሻን ውሰዱትና ናቱን አስወርዱት፣ አንገቱንም አስተካክሉት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን ርካሹን ቤዝ ሌላ ዕቃ ያደርገዋል። የመጀመሪያ ፍሬትለሱን ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይሄንን ነው፦ ርካሽ የፋብሪካ ቤዝ ከጥሩ ሴታፕ (ማስተካከያ) ጋር።

ፍሬቱን ማስነቀል

በዚህ መንገድ የሄዱት ትንሽ ሰዎች አይደሉም። የሮክ ባንዱ የሮሊንግ ስቶንስ ቤዝ ተጫዋች ቢል ዋይማን በ1961 የርካሽ ቤዙን ፍሬቶች ነቅሎ ነበር የጀመረው። ያኔ በፋብሪካ የሚሠራ ፍሬትለስ ቤዝ ጊታር ገበያ ላይ አልነበረም፤ አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1966፣ ፌንደር ራሱ ደግሞ በ1970 ነው ያወጡት። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስም በዓለም የታወቀበት ቤዝ ፍሬቱ የወጣለት የ1962 ጃዝ ቤዝ ነው። ፊንገርቦርዱን ለጀልባ በሚሠራ ኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) ለብጦ፣ በ1976 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የቤዝን ድምፅ ቀየረው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። "የፍሬትለስ ድምፅ" ሲባል ብዙ ሰው በጆሮው የሚሰማው ድምፅ የመጣው በትእዛዝ ከተሠራ ውድ ዕቃ አይደለም።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬቱ በካውያ ይሞቃል፣ ከዚያ በፒንሳ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ ከተጣደፉ እንጨቱን ይዞ ይነሳል። ክፍተቱ በስስ እንጨት ይሞላል፣ ፊንገርቦርዱ ቅርፁን ሳይለቅ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ፍሬቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ከፍታ ስለነበረው፣ ሲወጣ ክሩ ከእንጨቱ በዚያው ልክ ይርቃል። ስለዚህ ናቱም ብሪጁም መውረድ አለባቸው። ብሪጁ ከዚህ በላይ አልወርድም ካለ፣ አንገቱ የሚገጠምበት ቦታ ላይ ስስ ነገር ጣል ተደርጎ ማዕዘኑ ይቀየራል። አንገቱን የሚያስተካክለው ብረት በደንብ የማይዞር ቤዝ ላይ ይሄን ሁሉ አታስደርጉ፤ የከሰረ ሥራ ነው። ጥሩ ቪንቴጅ (የድሮ) ቤዝም እባካችሁ አትንኩ።

በትእዛዝ የሚሠራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትንሽ ጊታር ሰሪ ጋር ስትሄዱ የምትገዙት የአንድን ሰው ጆሮ ነው። ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ካሊፎርኒያ የሚሠራው ሮብ አለን ቤዞቹን ውስጣቸውን ፈልፍሎ ነው የሚሠራው። ብሪጁ ሥር ንዝረት የሚይዝ ፒዬዞ ፒካፕ ያስገባል፣ በናይሎን የተጠቀለለ ጥቁር ክር ይገጥማል። ድምፁ ለስላሳ፣ ክብ፣ ወደ ኮንትራባስ የሚያደላ ነው። ማሳቹሴትስ ይሠራ የነበረው ማይክል ፔዱላ ደግሞ "በዝ" በሚባለው ሞዴሉ ፊንገርቦርዱን በጠንካራ ፖሊስተር ለብጦ፣ ረጅምና የሚያብለጨልጭ የ"ሟ" ድምፅ አወጣ። ሁለቱም ፍሬትለስ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። አንደኛውን የሌላውን ድምፅ አምጣ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። ሰሪ የሚመረጥበት መለኪያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ድምፅ ነው። የኢንተርኔት ፎቶ ይህን አይነግራችሁም፤ የሠራቸውን ቤዞች ያላቸውን ሰዎች ፈልጋችሁ ስሙ፣ ከተቻለም በእጃችሁ ያዙ።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ይሄ ነው በልክ እንደተሰፋ ሱፍ የሚሆነው። የናቱ ስፋት ስንት ይሁን? ብሪጁ ላይ በክርና በክር መካከል ያለው ርቀት 19 ሚሊሜትር ይሁን ወይስ ጠበብ ይበል? ክብደቱስ? እኔ ክብደቱ ላይ አልደራደርም። ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ቤዝ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻ ላይ ሲውል ዋጋ ያስከፍላል። አንገቱ ውስጥ የካርቦን ዘንግ እንዲገባ ጠይቁ፤ ፍሬትለስ ላይ አንገቱ ትንሽ ቢጎብጥ ወዲያው ይሰማል። የምትጠቀሙበትን ክር ለሰሪው ቀድማችሁ ንገሩት። ጥምዝምዙ በጣት የሚሻክር ክር ለስላሳ እንጨትን እየበላ መስመር ያወጣበታል፣ እሱን ከወደዳችሁ ጠንካራው የኢቦኒ እንጨት ወይም የተለበጠ ፊንገርቦርድ ያስፈልጋችኋል። ክሩ ለስላሳ ከሆነ የሮዝውድ እንጨትም ይበቃል።

ለቤዙ ፊት የሚሆን የተዥጎረጎረ ውድ እንጨት ላይ ግን ብዙ አታውጡ። ዓይን ይስባል፤ ያንን ብር ፊንገርቦርዱ ላይ ብታውሉት ግን ጆሮ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው ሳያስበው ያልፈዋል። ፊንገርቦርዱ ላይ የፍሬት ቦታን የሚያሳይ መስመር ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። መስመር ያለው ለጀማሪና መድረክ ላይ ለሚዘል ሰው ይረዳል፤ የሌለው ያምራል፣ ጆሮንም ያሠራል። ትልቁ ጥያቄ ግን አንገቱ ጎን ላይ ያሉት ነጥቦች ናቸው። ፍሬት ባለው ቤዝ ነጥቡ የሚቀመጠው በሁለት ፍሬቶች መሃል ነው። መስመር የሌለው ፍሬትለስ ላይ ግን አንዳንድ ሰሪዎች ነጥቡን ልክ ድምፁ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያደርጉታል፣ ሌሎች እንደ ድሮው መሃል ላይ ይተዉታል። ልዩነቱ ዓይን ላይ ቀላል ይመስላል። እጅ ላይ ግን ሩብ ድምፅ ያህል ነው። ሁለት ዓይነት ቤዝ እያፈራረቀ ለሚጫወት ሰው መድረክ ላይ መደናገር ማለት ነው። እኔ ነጥቡ ድምፁ ላይ እንዲሆን ነው ያዘዝኩት፣ አሁንም እዘዝ ብባል እንዲሁ ነው የምለው። እናንተ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ብቻ በጽሑፍ ይስፈር።

ገንዘቡንና ጥበቃውን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። ስም ያለው ትንሽ ሰሪ ጋር ከ3 ሺህ ዶላር በታች ማግኘት ብዙ ጊዜ ይከብዳል፣ ወደ ላይ ደግሞ ጣሪያ የለውም። ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ትጠብቃላችሁ። አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ቀብዱ ይመለሳል ወይ፣ ስንት ሰው ከፊታችሁ አለ፣ ዕቃው መጥቶ አንገቱ ካልተመቻችሁ ምን ይደረጋል የሚሉትን ነው። ሰሪው አንድ ሰው መሆኑንም አትርሱ። ይታመማል፣ ይደክመዋል። ፔዱላም ለአሥርት ዓመታት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ ፒካፑ በገበያ የሚገኝ መደበኛ መጠን ይሁን፣ ብሪጁም በሌላ የሚተካ ይሁን። ነገ ሰሪው ባይኖርም ቤዙ ይቀጥላል።

ዕቃው ድንበር የሚሻገር ከሆነ የእንጨቱን ነገር አስቡበት። የብራዚል ሮዝውድ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት በጥብቅ የተከለከለው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል። ሌሎቹ ሮዝውዶች በ2017 ቁጥጥር ውስጥ ገብተው ነበር፣ ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ነገሩ ላልቷል። አዲስ አበባ የሚሄድ ቤዝ ደግሞ የክረምቱን እርጥበትና የበጋውን ድርቀት ያያል፣ እዚህ አሜሪካም የክረምት ማሞቂያ እንጨት ያደርቃል። የአንገቱን ብረት የሚያዞረው ቁልፍ ከቤዙ ጋር ይምጣላችሁ፣ አጠቃቀሙንም ሰሪውን ጠይቁት።

ያገለገለው

በትእዛዝ የተሠራ ቤዝ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ለሌላ ሰው እጅ የተለካ ስለሆነ ገዢው ጥቂት ነው፣ ፍሬትለስ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ለሻጩ መጥፎ ዜና ነው፣ ለእናንተ ግን ጥሩ። ሳትጠብቁ፣ ቀብድ ሳታስይዙ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ትገዛላችሁ። በኔ ግምት ከአራቱ መንገዶች ለብራችሁ ብዙ የምታገኙበት ይሄኛው ነው።

ለማየት ስትሄዱ ፊንገርቦርዱን በጎን ወደ ብርሃን አዙሩት። በክሮቹ ሥር ርዝመቱን ተከትሎ የተቆፈረ መስመር ካለ እንጨቱ እንደገና መስተካከል አለበት፣ ዋጋው ላይ አንሱት። የተለበጠ ከሆነ ስንጥቅና የተነሳ ቦታ ፈልጉ። የአንገቱ ብረት በሁለቱም አቅጣጫ መዞሩን አይታችሁ ሳታረጋግጡ ብር አትቁጠሩ። እያንዳንዱን ክር ከታች እስከ ላይ ጣታችሁን እያንሸራተታችሁ ስሙ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ድንገት ከሞተ ወይም ከጮኸ፣ እዚያ ጋ እንጨቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። ሰሪው አሁንም ሥራ ላይ ከሆነ የቤዙን መለያ ቁጥር ልካችሁለት ጠይቁት። ብዙዎቹ የሠሩትን ዕቃ ያስታውሱታል፣ መቼ እንደተሠራና በምን እንጨት እንደሆነም ይነግሯችኋል።