ለሂርማታው ላፕቶፕ ጠጋኝ፦ እጅህ ይባረክ

ጅማ ያላችሁና ትንሽ ዌብሳይት ለማሠራት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጡ።

እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ወንበር እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ። ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያዩ እንግዶች ሲመለሱ ጎራ ይሉና ይገዛሉ፣ አገራቸው ከገቡ በኋላ ደግሞ "ሌላ ዓይነት የለህም?" እያሉ ይደውላሉ፣ እኔም ለእያንዳንዱ ፎቶ ስልክ ጣቴ ይዝላል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ብር ተቀብሎ ዌብሳይት ሠራልኝ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ግን ፓስወርዱ እሱ ጋ ቀረ፣ ስልኩም አይነሳ። የበርጩማው ዋጋ ሁለቴ ጨምሯል፣ ሳይቱ ላይ ያለው የድሮው ነው። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ "ይኸው ራስህ የጻፍከው" ሲለኝ ምን ልበል?

እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ በሚባለው ሰፈር ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ ልጁ እያልኩ ልቀጥል። የሄድኩት ላፕቶፔ ተንቀራፎ እንጂ ለዌብሳይት አልነበረም፣ ብሶቴን ግን ዘረገፍኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ስንት ገጽ ነው? በስንት ጊዜ ይቀየራል? የሚቀይረውስ ማነው?" አራት ገጽ፣ በወር አንዴ፣ እኔው ራሴ አልኩት። "እንግዲያው ለሶፍትዌር አንድ ብር አያወጡም" አለኝ።

ከዚያ ነፃ የሚባሉትን የዌብሳይት መሥሪያዎች አንድ በአንድ አሳየኝ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ዎርድፕረስ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፣ ነፃ ነው፣ ከሚታዩት ዌብሳይቶች ብዙዎቹ በሱ ነው የተሠሩት። ዎርድፕረስ ዶት ኦርግና ዶት ኮም ግን አንድ አይደሉም ለካ! ከኦርጉ አውርደህ ራስህ በተከራየኸው ሰርቨር፣ ማለትም ዌብሳይቱ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ትጭነዋለህ፣ ኮሙ ግን ቦታውንም ጭምር የሚሰጥ ነው፣ ነፃው ሲጠብህ ክፍያ ይመጣል። ደግሞ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ፕለጊን የሚሏቸው ተቀጥላዎች ካረጁ ሌባ የሚገባው በነሱ ነው። በየቀኑ ለሚጽፍ ሰው ሸጋ ነው። ለኔ አራት ገጽ ግን በርጩማ ለመሥራት ግንድ መሰንጠቂያ ማሽን መግዛት ሆኖ ታየኝ።

የአክስቴ ልጅ ኮምፖዘር የሚባል ጭኖልኝ ነበር፣ እንደ ወርድ እየጻፍክ ገጽ የሚሆንልህ። ልጁ አይቶት ሳቀ። በፈረንጆቹ ከ2010 ወዲህ አዲስ እትም አልወጣለትም፣ ስልክ ላይ በደንብ የሚታይ ገጽ ለመሥራትም አይመችም፣ የኔ ደንበኛ ደግሞ የሚያየው በስልክ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሆነህ ገጽ የምትሠራበትን ጉግል ሳይትስን ወድጄው ነበር፣ ለጀማሪ እንደሱ የሚቀል አላየሁም። ኔትወርክ ሲጠፋ ማስተካከል አለመቻሉ ነው ያስተወኝ፣ ልውጣ ስትልም የሠራኸውን እንዳለ ነቅለህ ሌላ ቦታ መትከል አስቸጋሪ ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ነው። ቀላል የጽሑፍ ማረሚያ ነው፣ ያረጀ ላፕቶፕ አይከብደውም። ልጁ አራቱን ገጾች አዘጋጀ፣ እኔ የምነካው ዋጋውንና የዕቃውን ስም ብቻ። ከማዕዘን ቅንፎቹ (< >) ውጭ ያለውን ቀይር፣ ቅንፉን አትንካ፣ አለቀ። ኢንተርኔት ባይኖርም ብሮውዘር ላይ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ፋይል ወደ ሰርቨር በሚያደርሰው በፋይልዚላ እልካለሁ። እሱም ነፃ ነው።

ፊደሉ ነው ያስለቀሰኝ። የዕቃዎቼን መግለጫ ከዓመታት በፊት በድሮ የግዕዝ ፎንት ጽፌ አስቀምጬ ነበር፣ ስልክ ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ለካስ የድሮዎቹ ፎንቶች በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ቅርጽ ነው የሚስሉት፣ ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ ላይ ጭምብሉ ይወልቃል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚሉት፣ መሣሪያዎች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ብልሃት ነበር። ሁሉንም በአዲስ መልክ ጻፍኩት፣ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ ደግሞ ፋይሉን የኛን ፊደል በሚይዘው አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ ስምንት (UTF-8) ሳላደርግ አስቀምጬ የጻፍኩት በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ አረፈው! ኖትፓዱ ላይ ኢንኮዲንግ የሚለውን ገብታችሁ አስቀድማችሁ እዩ፣ እንደኔ አትቃጠሉ።

ፎቶዎቹንም ጊምፕ በሚባል ነፃ የፎቶ ማስተካከያ አሳነሰልኝ። ከስልኬ የወጣው አንዱ አራት ሜጋ ባይት ነበር፣ ከሁለት መቶ ኪሎ ባይት በታች አወረደው፣ የዋንዛው መስመር አሁንም ቁልጭ ብሎ ይታያል። "ጋሼ፣ ሰው የርስዎን በርጩማ ለማየት ፓኬጁን ይጨርስ?" ነው ያለኝ።

ሳይደብቅ የነገረኝ አንድ ነገር አለ፣ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም የዌብሳይቱ ስምና የሚቀመጥበት ቦታ በዓመት ይከፈልበታል። ዌብሳይት በነፃ የሚያስቀምጠው ጊትሃብ ፔጅስ ላይ ማድረግ አይቻልም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ እዚያ የንግድ ሥራ ማካሄድ በደንባቸው እንደማይፈቀድ አሳየኝና "ለተማሪ ይሆናል፣ ለርስዎ ግን በኋላ ቢዘጋብዎት እኔ ነኝ የምወቀሰው" አለ። ስሙንም ቦታውንም በኔ ኢሜይል አስመዘገበ፣ ፓስወርዱን እኔ እንድጽፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሳቄ መጣ፣ ግን ያለፈውን ሰውዬ አስታወሰኝ።

ለአንድ ቀን ተኩል ሥራ የጠየቀኝ ከአንድ ወንበር ዋጋ ያነሰ ነው። ጨምሬ ብሰጠው እምቢ አለ፣ በርጩማ ግን አልመለሰም፣ አሁን ደንበኛ ሲመጣ እሱ ላይ ያስቀምጣል።

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥህ። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ አለው፣ ላፕቶፓችሁንም ቻርጅ አድርጋችሁ ውሰዱ።