ሞናርክ ወይስ ፔይንትድ ሌዲ? ለማርባት የሚቀለው የትኛው ቢራቢሮ ነው?

ለጀማሪ ፔይንትድ ሌዲ ይሻላል። የሞናርክ አባጨጓሬ ሚልክዊድ ከተባለው ነጭ ወተት ከሚያወጣ ተክል በቀር ሌላ አይበላም፤ ቅጠሉ ካለቀ በረሃብ ያልቃል። የፔይንትድ ሌዲ ግን ኮሸሽላም ልትም ይበላል፤ ቅጠሉን በሐር ክር አጣጥፎ ውስጡ ይደበቃል።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሁለቱም በሞቃት አየር አንድ ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። የሞናርክ ፑፓ (አባጨጓሬው ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ሽፋን) ግን ማየት ደስ ይላል፦ አረንጓዴ ነው፣ ወርቃማ ነጠብጣብ አለው፤ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ቅርፊቱ ጠርቶ ብርቱካናማው ክንፍ ይታያል። ፈተናው ቅጠል ላይ የሚቀረው ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ክፉኛ የተያዘው ቢራቢሮ ክንፉ ተጨማዶ ይወጣል። ስለዚህ ሳጥኑን በየቀኑ ማጽዳት፣ አባጨጓሬዎቹንም አለማጨናነቅ ያስፈልጋል።

የሁለቱም ፑፓ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ አዲሱ ቢራቢሮ ተንጠልጥሎ ክንፉን ካልዘረጋ እንደተጣጠፈ ይደርቅበታል።