ስምንት ወር ከፋሚስቱዲዮ ጋር፦ ጭፈራችንን በድሮ ጌም ድምፅ

ልጅ እያለን ጎረቤት ቤት ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ የካሴት ጌም ነበር። ካሴቱ አልሠራም ሲል አውጥተን እፍ እንልበትና መልሰን እንከተዋለን። ሁለት መጫወቻ ለስምንት ልጅ ነው፤ ተራ እስኪደርስ ብዙ ይጠበቃል። እኔ ታዲያ ስጠብቅ ሙዚቃውን እሰማለሁ። ቤት ገብቼም በአፌ እደግመዋለሁ። እናቴ "ምን ሆነህ ነው እንደ ጢንዚዛ የምትጮኸው?" ትለኝ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጓደኛዬ ለስልክ የሚሆን ትንሽ ጌም እየሠራ "የድሮ ጌም የሚመስል ሙዚቃ ሥራልኝ" አለኝ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ክራር ትንሽ እነካካለሁ፤ እሱም ዘመድ ሲሰበሰብ ነው። ግን ያቺ ጢንዚዛ ትዝ አለችኝና እሺ አልኩት። ፋሚስቱዲዮን ላፕቶፔ ላይ የጫንኩት በዚያ ሰበብ ነው።

ለማያውቀው፣ ፋሚስቱዲዮ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በአንድሮይድ ይሠራል። ሥራው አንድ ነው፤ የድሮውን የኒንቴንዶ ማሽን ድምፅ ማውጣት። ማሽኑ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም ተብሎ ወጣ፤ አሜሪካ በ1985 ኤንኢኤስ በሚል ስም ገባ። ሶፍትዌሩ የተቀዳ የጌም ድምፅ አይደለም የሚያጫውትልህ። ያ ማሽን ውስጥ የነበረው ቺፕ የሚያደርገውን ራሱ እያሰላ ነው ድምፁን የሚያወጣው። ስለዚህ ቺፑ የማይችለውን አንተም አትችልም። ይሄን ነገር መቀበል ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ለዚሁ ድምፅ የተሠራ ፋሚትራከር የሚባል ሌላ ሶፍትዌር ነበር። ብዙ ሰው የሠራበት፣ ስሙ የታወቀ ነው። ግን ኖታው እንደ ባንክ ስቴትመንት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጎኑ ላይ ደግሞ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለ ኮድ አለ። አንድ ምሽት ታገልኩትና ዘጋሁት። ለለመደው ፈጣን ነው ይላሉ፤ ይሁንላቸው። ፋሚስቱዲዮ ፒያኖ ሮል አለው። ላይ የዘፈኑ ክፍሎች ይደረደራሉ፣ ታች ኖታውን በማውስ ትስላለህ፣ ቀኝ በኩል መሣሪያዎችህ ይቀመጣሉ። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ነካ ነካ ያደረገ ሰው በአንድ ከሰዓት ይገባዋል።

ቺፑ አምስት ቻናል አለው። ሁለቱ ፐልስ ይባላሉ፤ ዜማ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ትሪያንግል ለቤዝ ነው። ኖይዝ ሽሽሽ የሚል ነው፤ ለከበሮና ለጭብጨባ ይሆናል። አምስተኛው አጫጭር የተቀዳ ድምፅ ያጫውታል፤ እሱ የራሱ ጉድ አለው፣ እመለስበታለሁ። እያንዳንዱ ቻናል በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚያወጣው። ኮርድ፣ ማለትም ሦስት ኖታ አንድ ላይ፣ ልምታ ካልክ ፐልሶችህ እዚያው ያልቃሉ፣ ዜማ የሚይዝ ይጠፋል። የድሮዎቹ ሠሪዎች ሦስቱን ኖታ በአንድ ቻናል ላይ ቶሎ ቶሎ እያፈራረቁ ይመቱት ነበር። ጆሮ አንድ ላይ የተመታ ይመስለዋል። ያ "ድርርርር" የሚለው የጌም ድምፅ ከዚህ ነው የመጣው።

እኔም መጀመሪያ ላይ ድርርር ስል ከረምኩ። የሠራሁት ሁሉ የሌላ ሰው ጌም ይመስላል። አንድ ማታ ግን ክራሬን አንስቼ በትዝታ ቅኝት ትንሽ ነገር ደረደርኩና እሷኑ ፒያኖ ሮሉ ላይ ሳልኳት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ኮርድ የለ፣ ምን የለ። አንዱ ፐልስ ዘፋኙ ሆነ። ሌላው ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንኑ ዜማ እንደ ማሲንቆ ተከተለው። ታች ቤዝ፣ ከዚያ ከበሮ። ቻናሉ በቃኝ! የጠበበኝ ቤት ለካ ለእኛ ዘፈን ልክ ነው። የአዝማሪ ቤት ሙዚቃ ስንት ሰው ነው የሚጫወተው?

ክራሩን እንዴት እንዳወጣሁት ልንገራችሁ፤ ብዙ ማታ የበላኝ እሱ ስለሆነ። ፐልስ አራት መልክ አለው፤ ሞገዱ ከፍ ብሎ በሚቆይበት ድርሻ ይለያያሉ፦ 12.5፣ 25፣ 50 እና 75 በመቶ። 75ቱ ለጆሮ ከ25ቱ አይለይም፤ ሦስት ነው በሉት። 50ው ወፍራምና ባዶ ነው፤ ለዋሽንት ይሄዳል። 12.5ቱ ቀጭን ነው፤ በአፍንጫ የሚዘፈን ይመስላል። ሶፍትዌሩ ይሄን መልክ በሰከንድ 60 ጊዜ እንድትቀይር ይፈቅድልሃል፤ እያንዳንዷ ስልሳኛ ፍሬም ትባላለች። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍሬም በ12.5 ጀምሬ ወደ 25 አሻገርኩት። ጣት ክሩን ሲነካ የምትሰማዋ "ጥ" መጣች። የድምፁ ጉልበት ደግሞ ከ15 እስከ 0 ነው የሚለካው፤ 15፣ 12፣ 9፣ 7፣ 5፣ 4፣ 3 እያልኩ አወረድኩት። ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ሳደርገው የበር ደወል ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ ቶሎ ወርዶ በኋላ ሲያዘግም ግን ክራር ሆነ። ጓደኛዬ "ክራር ነው ወይስ ክራር የበላ ሮቦት?" አለኝ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ከበሮው ላይ የሚገርም ነገር አለ። ትሪያንግል ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ ወይ ይሰማል ወይ ይጠፋል። ግን ኖታውን ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ብትጥለው "ዱም" ይላል፤ የከበሮው ትልቁ ፊት ማለት ነው። ለትንሹ ፊት አጭር ኖይዝ በቂ ነው። ቤዙም የሚኖረው እዚያው ትሪያንግል ላይ ስለሆነ ከበሮው በተመታ ቁጥር ቤዙ ለአፍታ ይቋረጣል። ጆሮ ግን አያስተውልም። እኔ ራሴ እያወቅኩት አይሰማኝም።

ጭክጭካ ላይ ግን ተሸወድኩ። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍት ምቱ በአራት ተከፋፍሎ ነው የሚጠብቅህ። እኔም ዝም ብዬ በአራቱ ላይ ጭክጭካ ለመጻፍ አንድ ወር ሙሉ ታገልኩ። የወጣው የሰልፍ ማርሽ ነው። መፍትሔው ምቱን በሦስት መክፈል ነበር። ሰዓቱ በፍሬም ስለሚቆጠር ሒሳቡም ቀላል ነው። እያንዳንዷን ኖታ 10 ፍሬም ካደረግካት ሦስቱ 30 ፍሬም፣ ማለትም ግማሽ ሰከንድ ይሆናሉ። በደቂቃ 120 ምት መሆኑ ነው። ትከሻ ለማንቀሳቀስ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። በ9 ፍሬም 133 ይሆናል፤ ያኔ ትከሻው ራሱ ይሄዳል። መሀል ያለ ፍጥነት ከፈለግክ ሶፍትዌሩ ዘጠኝና አሥሩን እያቀላቀለ ይሰጥሃል።

ቅር የሚለኝ የኖታው ልክ ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጣቱን ፒያኖው በሚፈቅድለት ቦታ ላይ ብቻ አያሳርፍም። ስላይድ ኖታ አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትታል፣ ደስ ይላል። ፋይን ፒች የሚባልም አለ፤ ኖታዋን በጥቂቱ ገፋ ወይም ሳብ ታደርጋታለህ። ግን በእያንዳንዷ ኖታ ላይ ይሄን ማድረግ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ስትወጣ ደግሞ ቺፑ ራሱ ይስታል። ድምፁን የሚያወጣው በሙሉ ቁጥር እያካፈለ ስለሆነ ላይ በሄድክ ቁጥር ቁጥሮቹ መሀል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ የምትፈልጋት ኖታ ክፍተቱ ውስጥ ትቀራለች። ዋሽንቴን አንድ ኦክታቭ አወረድኩት። ሌላ ምን ይደረጋል።

መብራት አንድ ሁለቴ ጉድ ሊሠራኝ ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሶፍትዌሩ ግን በየመሀሉ ራሱ ቅጂ ያስቀምጣል፤ የጠፋብኝ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። የስልኩን ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የምጠቀምበት። ዜማ ለመያዝ ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ሥራ በጣት አይመከርም።

ጓደኛዬ ጋ የላክሁት የመጀመሪያ ሥራ አዋርዶኛል። በኤምፒ3 አውጥቼ ላክሁለት። በማግሥቱ ደወለ። "ሙዚቃህ በዞረ ቁጥር ያስነጥሰዋል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዘፈኑ አልቆ እንደገና ሲጀምር ትንሽ ዝምታ አለች። ጥፋቱ የኤምፒ3 ነው፤ ፋይሉ ሲታመቅ ጫፍና ጫፉ ላይ ባዶ ነገር ይጨምራል። በዌቭ፣ ማለትም ባልታመቀ ፋይል፣ ስልክለት ማስነጠሱ ቆመ። ለጌም የምትሠሩ ልጆች ይቺን ያዙ። በነገራችን ላይ ሶፍትዌሩ ዘፈኑን እውነተኛው ማሽን ላይ የሚጫወት ፋይል አድርጎም ያወጣል። ማሽኑ ያለው ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ።

አሁን የያዝኩት በገና ነው። ጌም ሠሪው ኮናሚ ለፋሚኮም ካሴቶቹ የሠራው ቪአርሲ6 የሚባል ቺፕ ነበር፤ ሁለት ተጨማሪ ፐልስና አንድ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ ያለው። ፋሚስቱዲዮ ላይ እሱን በአንድ ጠቅታ ትጨምረዋለህ። መጋዙ ወደ ታች ሲወርድ ያችን የበገና ንዝረት ያስታውሳል። ያስታውሳል ብቻ፤ ገና አልሆነልኝም።

አምስተኛው ቻናል ቀረ። ዘፈኑ መሀል ላይ እልልታ ፈለግኩ። የሰፈር ሠርግ ያለ አክስቴ እልልታ አይደምቅም፤ እሷን በስልኬ ቀዳኋት። አንድ ትንፋሽ ይዛ ረጅም አድርጋ ለቀቀችው። ችግሩ አንድ ቅጂ ከ4081 ባይት አይበልጥም። በጥሩ ጥራት ሲሆን አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጥራቱን እስከ ታች ካወረድክ ወደ ስምንት ሰከንድ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው። መሀል ላይ መረጥኩ። ሌላም ጣጣ አለ፤ ይሄ ቻናል ሲጫወት ትሪያንግሉ ዝቅ ሊል ይችላል። እልልታው ሲመጣ ቤዙ እንደ ደነገጠ ሰው ፀጥ አለ። ቤዙ ዕረፍት የሚወስድበት ቦታ ላይ አዛወርኩት።

አምጥቼ አሰማኋት። ጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ይሄ ማነው?"

"አንቺ ነሽ።"

"እኔማ አይደለሁም። ይሄ የታነቀች ዶሮ ነው።"

ሰከንዱ ስለማይበቃ ቆርጬው እንደሆነ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና "ታዲያ መጀመሪያ አትነግረኝም? አምጣ ስልክህን" አለችኝ። አጭር አድርጋ፣ ጫፉን ስብር አድርጋ ለቀቀችው። ሰባት አሥረኛ ሰከንድ ነው። ምንም አልቆረጥኩትም።