ለሱቅ የሳምንት ሒሳብ የቱ ይሻላል? ባሕር መዝገብ፣ ጎግል ሺትስ ወይስ የቴሌብር ዝርዝር

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሸጥበት ሱቅ ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግብር ሲደርስ ወይም ለሸቀጥ የሚሆን ገንዘብ ሲታጣ ነው። ይህን ስንፍና ማለት ግፍ ነው። ሱቁ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል፣ ደንበኛው አያቋርጥም፣ ማታ የቀረው ጉልበት ገንዘብ ቆጥሮ ለመቆለፍ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሦስቱን መሣሪያዎች የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ባይኖርም ሒሳቡን አስጨርሶ ወደ ሥራ ይመልሳል ወይ?

አንደኛ የወጣው ባሕር መዝገቡ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻም አይደለም።

መጀመሪያ አገዛዙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ቢያንስ 100 ቅጠል የሆነ፣ በክር የተሰፋ ይሁን። በሙጫ ብቻ የተያያዘው በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ወገቡ ይለቅና ቅጠል መጣል ይጀምራል። ሲገዙ መሃሉን ገልጠው ክሩን በዓይን ማየት ነው፤ ክር ካልታየ ይተዉት። ከመጻፍ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በእጅ ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል፣ ገጽ ቢቀደድ እንዲታወቅ። የሚጻፈውም በተለመደው እስክሪብቶ ነው። ፈሳሽ ቀለም ያለው ጄል እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ሊደበዝዝ ይችላል። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ አንድ መስመር ተሰርዞበት ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል።

ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ገጾች ለአንድ ሳምንት ይበቃሉ። በግራው ገጽ ሰባት ረድፍ፣ ለየቀኑ አንድ። ዓምዶቹ፦ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ የነበረ፣ በስልክ የገባ፣ የተሰጠ ዱቤ፣ የተመለሰ ዱቤ፣ ለሸቀጥ የወጣ፣ ለሱቅ ወጪ፣ ለቤት የተወሰደ፣ ባንክ የገባ፣ ማታ የተቆጠረ። ቀኝ ገጹ ለዕቃ ቆጠራና ለሚደረገው ነገር ይተዋል። ዓመቱን ሙሉ ቢሠራበት የሚያልቀው 52 ቅጠል ብቻ ስለሆነ ባለ 100 ቅጠሉ ለዓመቱ በቅቶ ከጀርባው ለዱቤ የሚሆን ቅጠል ይተርፋል።

ሳሙናና ክብሪት ሲሸጥ አንድ በአንድ መጻፍ አይቻልምና የጥሬ ገንዘቡ ሽያጭ የሚገኘው ከመሳቢያው ነው። ጠዋት 1,500 ብር ነበረ እንበል። ማታ 4,200 ተቆጠረ። በቀኑ ለሸቀጥ 2,000፣ ለሱቅ ወጪ 100፣ ለቤት 300 ወጥቷል፤ ባንክ የገባ የለም፤ ከዱቤ በጥሬው 400 ተመልሷል። ከ4,200 ላይ 1,500 ይቀነሳል፣ የወጣው 2,400 ይደመራል፣ የተመለሰው ዱቤ 400 ይቀነሳል፤ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው 4,700 ብር ነው ማለት ነው። ለቤት የተወሰደችው 300 ሳትጻፍ ብትቀር ሽያጩ 4,400 ይመስላል። ሱቁ የቀዘቀዘ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህች ዓምድ ምክንያት ነው። ልጁ ለደብተር፣ እማወራዋ ለአስቤዛ ከመሳቢያው የሚወስዱት ሁሉ ይጻፍ፤ ለመቆጣጠር ሳይሆን ሽያጩ ሽያጭ ሆኖ እንዲታይ።

የቀኝ ገጹ ቆጠራ ሱቁን በሙሉ አይነካም። ብዙ ገንዘብ የያዙ አሥር ዕቃዎች ይበቃሉ፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ሳሙናና የመሳሰለው። ያለፈው ሳምንት ቆጠራ ላይ የገባው ይደመርና አሁን ያለው ይቀነሳል፤ የወጣው ይህ ነው። ስኳርን ለምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የቀረበ ነው። የ50 ኪሎ ጆንያ በ5,500 ብር ከገባ አንዱ ኪሎ 110 ብር ይመስላል፤ በ115 ሲሸጥም ከጆንያው 250 ብር ይገኛል ተብሎ ይታሰባል። ለመጫኛና ለማውረጃ 100 ብር ከተከፈለ ግን ወጪው 5,600 ነው። ሚዛኑ ለደንበኛ ትንሽ እያደላ፣ ትንሽም መሬት እየፈሰሰ ከጆንያው የሚሸጠው 49 ኪሎ ቢሆን የሚገባው 5,635 ብር ይሆናል። 250 የተባለው ትርፍ 35 ብር ሆነ። ይህ ከቆጠራ በቀር በሌላ መንገድ አይታይም፤ ገንዘቡ ከመሳቢያ የጠፋ አይደለምና።

ባሕር መዝገቡ ሌሎቹን ጥሎ የሚያልፈው ግን በዱቤ ነው። ጎጃም ውስጥ ሁለት ዓይነት ተበዳሪ አለ። መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው ደሞዝ ሲወጣ ይከፍላሉ። ገበሬው ደግሞ በክረምት ወስዶ አዝመራው ሲወቃና እህሉ ገበያ ሲወጣ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ይከፍላል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። የመምህሩ ዱቤ 45 ቀን ከሞላው አንድ ነገር አለ፤ ሄዶ በአክብሮት ማስታወስ ይገባል። በነሐሴ የተሰጠ የገበሬ ዱቤ በመስከረም ቢጠየቅ ግን ገንዘቡ አይገኝም፤ የሚገኘው ቅያሜ ነው። ስለዚህ ከመዝገቡ ጀርባ «የደሞዝ» እና «የአዝመራ» የሚሉ ሁለት ክፍሎች ይከፈቱ። ለእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ቀን፣ ዕቃው፣ ብሩ፣ ቀጠሮው ይጻፍ፤ ተበዳሪው እያየ ይጻፍ፣ ከቻለም ይፈርም። በየሳምንቱ የሚታየው የደሞዙ ክፍል ነው። የአዝመራው በወር አንዴ ድምሩ ብቻ ይታያል። ድምሩ ለክረምት ሸቀጥ ከተያዘው ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ካለፈ አዲስ የአዝመራ ዱቤ ማቆም ነው፤ ይህ የእኛ ልክ ነው፣ ሰፊ መነሻ ገንዘብ ያለው ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ጎግል ሺትስ በስልክ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለወሩ ማጠቃለያ። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ፋይሉን አስቀድሞ መፍቀድ ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ራሱ ይላካል። ስልኩ ቢጠፋም ሒሳቡ አብሮ አይጠፋም፤ መዝገቡ በዚህ ይበለጣል። ጣጣው ያለው በቀን አቆጣጠራችን ላይ ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል በተስተካከለ ሺት ላይ ጥቅምት 28ን «28/2/2018» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሺቱ የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይይዝለታል። ጥቅምት 30ን ሲጽፍ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ይሆንበታል። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር የወሩ መጨረሻ ከወሩ ተነጥሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ጳጉሜንም እንደዚሁ ነው፤ 13ኛ ወር አያውቅም። መፍትሔው የቀኑን ዓምድ አስቀድሞ ወደ ተራ ጽሑፍ መቀየርና «2018-02-30» እያሉ ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ መጻፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ጳጉሜንም በቦታዋ ትሰለፋለች።

ሁለተኛው ስሕተት «500 ብር» ብሎ መጻፍ ነው። ድምሩ ጽሑፍ ያለበትን ሳጥን ዘሎ ያልፋል፣ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ቁጥሩ ብቻውን ይጻፍ፤ «ብር» የሚለው ከዓምዱ ራስ ላይ ይቀመጥ። ደግሞ ዘጠኙን ዓምድ በስልክ መስታወት ላይ ወዲያ ወዲህ እየጎተቱ መሙላት ያታክታል፤ ሰው በሦስተኛው ሳምንት የሚተወው ለዚህ ነው። ከመዝገቡ የሳምንቱን ድምር ብቻ፣ በሳምንት አንድ ረድፍ፣ ማስገባት ይበቃል።

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ያስጀመረው ቴሌብር ለሳምንቱ ሒሳብ የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ብሩና የግብይት ቁጥሩ ሳይጻፍ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ምን እንደተሸጠ አይናገርም፣ ዱቤ ተመለሰ ወይስ አዲስ ሽያጭ ነው የሚለውንም አይለይም፤ ስለዚህ ብቻውን ሒሳብ አይሆንም። የቤትና የሱቅ ገንዘብ በአንድ ቁጥር ከገባ ደግሞ ዝርዝሩ ይደበላለቃል። ለሱቁ የተለየ ቁጥር ይያዝ፣ ባይሆን የነጋዴ መለያ ይውጣለት። ሰዓቱን ሲያመሳክሩ መዘንጋት የሌለበት፣ ስልኩ ላይ 19:30 የሚለው የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መሆኑን ነው። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳይ አክብሮ ማየት ይቻላል፤ ዕቃው የሚሰጠው ግን በራስ ስልክ ላይ መግባቱ ሲረጋገጥ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ በወር ከፍሎ ማሠራት የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ለሆነ ሱቅ ተገቢ ነው። የሳምንቱን ቆጠራ ግን እሱ አይሠራውም።

የጊዜው ነገር ከመሣሪያው ይበልጣል። የገበያ ቀን ማታ አይሆንም፤ ድካሙ ቁጥር ያሳስታል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። «በየወሩ በ12» ብሎ በቀን መወሰንም አያዋጣም፤ ሚካኤል ነው፣ ማኅበር አለ፣ እንግዳ አለ። የሚሻለው ከገበያ ቀን በኋላ ያለው የመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 1:40 ነው፣ በሩ ሳይከፈት፣ ሸቀጡ ጎድሎ በሚታይበት ጊዜ። 10 ደቂቃ ለመሳቢያና ለስልክ፣ 15 ለቆጠራ፣ 10 ለደሞዝ ዱቤ፣ የቀረው 5 ከቀኝ ገጹ ግርጌ ሁለት መስመር ለመጻፍ፦ ምን ይገዛል፣ ማን ይጠየቃል። ከዚያ በላይ ሦስተኛ ነገር አይጨመር፤ አይፈጸምም።

በሁዳዴ ቅቤና እንቁላል ቢቀዘቅዝ፣ ዘይትና ምስር ቢሄድ የሱቁ ጤና ተጓደለ ማለት አይደለም። የዘንድሮን ሁዳዴ ከአምናው ሁዳዴ ጋር እንጂ ከጥር ጋር ማወዳደር አይገባም፤ አሮጌው መዝገብ የማይጣለውም ለዚህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ የሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ብቻ ከ40 ደቂቃው ይወጣል፤ ያኔ አሥሩ ሳይሆን መደርደሪያው በሙሉ ይቆጠራል፣ የገባበት ዋጋም ከጎኑ ይጻፋል። የየሳምንቱ ቆጠራ ሳይቋረጥ ከመጣ፣ አሥሩ ዋና ዕቃዎች ከነብዛታቸው አስቀድመው ስለሚታወቁ ይህ ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።