የድሮ ኮሮላ ላላችሁ፦ ሶማሌ ተራ ስላለው ቁልፍ ቀራጭ

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ ኮድ 2። ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ሌላም ነጭ ዲኤክስ ይቆማል፤ የጡረተኛው ጎረቤቴ ነው። ባለፈው ክረምት እኚህ ሰው በራሳቸው ቁልፍ የእኔን መኪና ከፍተው፣ አስነስተው፣ እስከ ግቢው በር ነዷት። ያስቆማቸው ዘበኛው ነው እንጂ ወንበሩ ላይ ያነጠፍኩት አበባማ ልብስ እንኳ አላጠራጠራቸውም። የእኔ ቁልፍ በበኩሉ የእርሳቸውን በር ያለ ትግል ከፈተ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ሁለታችንም ሳቅን። ሌሊቱን ግን በመስኮት ስመለከት አደርኩ።

መንገድ ዳር ያሉት ቀራጮች ምክራቸው አንድ ነው፦ አዲስ ቅጂ ይውጣ። ያለቀ ቁልፍ ሲቀዳ ማለቁም አብሮ እንደሚቀዳ የሚነግር የለም።

ሶማሌ ተራ ያገኘሁት ባለሙያ ቁልፉን ማሽን ላይ ከማሰሩ በፊት ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ጥርሶቹንም በካሊፐር ለካ። «እትዬ፣ ይህ ጥርስ የለውም፤ የቀረው ድዱ ነው» አለኝ። ከዚያም የተሳፋሪውን በር ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ክፍል፣ ነቅሎ አወጣ። በአንዳንድ የድሮ ቶዮታዎች የፋብሪካው የቁልፍ ቁጥር እዚያ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ የእኔም ላይ ዘይትና አቧራው ሲጠረግ ወጣ። አዲሱን ቁልፍ የቀረጸው ከአሮጌው ሳይሆን ከዚያ ቁጥር ነው።

በዚህም አላበቃም። የበሮቹንና የሞተር ማስነሻውን ሲሊንደር ፈታ። ውስጡ በሞላ የተደገፉ ስስ የብረት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ቁልፉ እያንዳንዳቸውን በልካቸው ካላስተካከለ ሲሊንደሩ አይዞርም። የጥርስ ጥልቀት ደረጃዎች ጥቂት ስለሆኑ ፋብሪካው ከሚያወጣቸው መኪኖች የቁልፎቹ ዓይነት እጅግ ያንሳል። በዚያ ላይ ሳህኑም ጥርሱም በዓመታት ብዛት ሲበላ የማይገጥመው ይገጥማል። አንዱን ሳህን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ሹል መሆን የነበረበት ጠርዝ ክብ ሆኗል። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተነቅሎ እጄ ላይ ይቀር የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለቁትን ቀይሮ አሮጌዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰልኝ። አሁን የጎረቤቴ ቁልፍ ይገባል፤ አይዞርም።

ቅር ያሰኘኝም አለ። «ነገ» ያለው ሥራ ለሦስተኛው ቀን ነው የደረሰው፤ ስልክ አያነሳም፤ ደረሰኝም አይሰጥም። መቀመጫ የለም፤ ከማሽኑ አጠገብ ቆማችሁ ጆሯችሁን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ዋጋው ከተራ ቅጂ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለዚህ ሥራ ግን ውድ አልለውም። የኋላው ዕቃ መጫኛ በዋጋው ውስጥ እንደማይገባ የነገረኝ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። እዚያ ውስጥ ክሪክና ስኮርታ ጎማ ብቻ ስላለ ተውኩት፤ እናንተ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቁልፉ ቺፕ ያለው መኪና የያዛችሁ ወደ እርሱ አትድከሙ። አውሮፓ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1998 ወዲህ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ የሆነው ይህ ዓይነቱ መከላከያ ቺፑን ካላወቀው ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩን አያስነሳም፤ ቺፑን ከመኪናው ጋር የሚያስተዋውቅ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ያስፈልጋችኋል። እኔ ቆሜ እያለሁ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ቁልፍ ይዞ መጣ፤ ባለሙያው ቀና ሳይል «እኔ የማውቀው ብረቱን ነው» ብሎ መለሰው።